ቄስ ፈንቴ ያላሉት ቃል

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም ብዬ ብጀምር ደስ ይለኝ ነበር። እሱም ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ በቅቶኛል። ለአንድ ሰው ተናግሬዋለሁ። ያ ሰው ምስጢሬን ጠበቀልኝ፤ በጠበቀው ምስጢርም ስሙ ጠፋ። ከእሳቸው በቀር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለእናቴም፣ ለጓደኛም፣ ላሠለጠኑኝ ፈረንጆችም አልተነፈስኩም። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ። ለምን ዛሬ? ደክሞኝ ነው። ሌላ የሚያምር ምክንያት የለኝም።

እናኑ እባላለሁ። ከአርብ ገበያ ወረድ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው የተወለድኩት። ፊልሙን ያያችሁ ታውቁኛላችሁ። ነጭ ጋውን ለብሳ፣ የአንገት ማተቧ እየታየ፣ በእንግሊዝኛ እየተናገረች የምታለቅሰው ልጅ እኔ ነኝ። የደብራችን ቄስ በዓል ነው ብለው እንጨት እንዳይቆረጥ ስለከለከሉ እህቴ በምጥ ሞተች የምትለው። አንድ የንፋስ መውጫ ልጅ ከሥሩ አማርኛ ጻፈበትና አገር አዳረሰው። እኔ ራሴ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ሾፌሩ ተሳፋሪ እስኪሞላለት ሲያይ ከጀርባው አይቼዋለሁ። ከንፈሩን እየመጠጠ ነበር የሚያየው። "አይ ቄስ" አለ፤ ወደ እኔ ዞሮም አላየ። እኔም አለቀስኩ። እንባው እውነት ነው። ነገሩ ነው ውሸት።

እውነቱ ይኸው።

ውባለም ታላቅ እህቴ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እንደ አገሩ ወግ እናታችን ቤት መጥታለች። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። በቤቱ ጉልበት ያለኝ እኔ ነበርኩ፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ከወንድ እኩል እንጨት የምፈልጥ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ልጅ። ምጧ ማታ ጀመራት፤ ነግቶም አልተገላገለችም። ቀኑ ኅዳር ጽዮን ማርያም ነው። የደብራችን ታቦት ማርያም ናትና ንግሥ ነው፤ ወንዱም ጎረቤቱም ጠቅልሎ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። ቤት ውስጥ እናቴና አንዲት አዋላጅ አሮጊት ሆዷን እያሹ፣ ማርያም ማርያም እያሉ ይለምናሉ።

የእድሩ ቃሬዛ ከሌላ በሽተኛ ጋር አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ ሄዶ አልተመለሰም። አልጋማ አለን፤ የጠፍር አልጋ። ግን አልጋ በባዶ እጅ ተይዞ ያ ቁልቁለትና አቀበት አይወጣም። ከግራና ከቀኝ ረጅም አጣና ይታሰርበትና በትከሻ ነው የሚሄደው። እናቴ ከበሩ ብቅ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ከጓሮው ባሕር ዛፍ ሁለት አጣና ቆርጬ፣ ከዚያ ሮጬ ወንዶቹን እንድጠራ ነገረችኝ። የታዘዝኩት ይኸው ነው። ቁረጪ፤ ጥሪ።

መጥረቢያውን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ቀጥ ያለ ዛፍ መረጥኩ። እጄን አነሳሁ። ከዚያ መጥረቢያውን መሬት አስቀመጥኩት።

የእኛ አገር ሰዎች ከሆናችሁ ይገባችኋል። በእኛ ዘንድ በማርያም ዕለት እንጨት አይቆረጥም፣ አፈር አይቆፈርም፣ እህል አይወቃም፤ በንግሧ ቀንማ ጭራሽ። በበዓል ያጨደ ሰው ክምሩ በመብረቅ እንደተቃጠለ፣ በበዓል የፈተለች ሴት ክንዷ እንደደረቀ እየሰማን ነው ያደግነው። ምጥ የያዛት ሴት ደግሞ የምትጠራው ማንን ነው? ከቤት ውስጥ የእህቴ ድምፅ "እመቤቴ ድረሽልኝ" ይላል። እኔ በዚያው ሰዓት፣ በእሷው ቀን፣ ከጓሮ እንጨት ላስጮህ ነው? ብትቀየመንስ? ፊቷን ብታዞርብንስ? መጥረቢያውን ያስቀመጥኩት እህቴን ያዳንኩ መስሎኝ ነው። ይህን ስጽፍ ደግሞ ሰበብ እየደረደርኩ እንደሆነ ይታወቀኛል። እሺ፣ ሰበቡ ይቅር። አስቀመጥኩት።

ወደ በሩ ተመልሼ ለእናቴ፣ "ዛሬ እኮ ማርያም ናት። ታቦቷ ስትገባ ይመጣሉ" አልኳት።

እናቴ አየችኝ። ተመልሳ ገባች። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ የመጣሁ መስሏት ይሁን፣ እሷም እንደኔው ፈርታ ይሁን አላውቅም። ሳልጠይቃት ሞተች። እኔ ግን የትም አልሄድኩም። ማንንም አልጠራሁም። ከበሮና እልልታ መካከል ገብቼ፣ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ቆሜ እህቴ ምጥ ጠንቶባታል ማለት አፈርኩ። አፍሬ ነው! ሰው በእፍረት ሰው ይገድላል? እኔ ባሕር ዛፉ ሥር ቁጭ ብዬ እልልታውን ከሩቅ ሰማሁ። ታቦቷ ወጣች፣ ዞረች፣ ገባች። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች።

ቄስ ፈንቴ የነፍስ አባታችን ናቸው። ውባለም ቀኗ እንደደረሰ ያውቁ ስለነበር ታቦት እንዳስገቡ ጠበል ይዘው ብቻቸውን መጡ። መጀመሪያ ያገኙት ጓሮ የተቀመጥኩትን እኔን ነው። ጩኸቱን ሰሙ፤ መጥረቢያውን አዩ፤ ያልተነካውን ዛፍ አዩ።

"ምነው ልጄ፣ ይህን ሁሉ ሰዓት ምን ስታደርጉ?" አሉ።

"ዛሬ ማርያም ናት አባቴ።"

ጠበሉን ለእኔ አቀበሉኝ። የክት ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ካባቸውን ብቻ ሣሩ ላይ ጥለው መጥረቢያውን አነሱ። "እሷም እናት ናት፤ ታውቃለች። ጥፋት ከሆነ በእኔ ይሁን" አሉና መቱት።

የመጥረቢያው ድምፅ ሰፈሩን አናወጠው። በንግሥ ቀን ማነው የደፈረ ብሎ ሰው ከየአቅጣጫው መጣ። ሲደርስ የሚቆርጡት ቄሱ ራሳቸው ሆነው አገኘ። አንድ ሽማግሌ፣ "እንዴ አባቴ፣ በጽዮን?" ሲሉ ቄስ ፈንቴ ቀና ሳይሉ፣ "ማውራቱን ትተህ ጠፍሩን እሰር" አሏቸው። አሰሩ፤ ተሸከሙ። እሳቸውም ከፊት ግራውን አጣና ይዘው፣ ሌላው ልተካዎ ሲላቸው እንቢ እያሉ ሄዱ። ወንዙን ተሻግረን አቀበቱን እንደጀመርን ውባለም ዝም አለች። ልጁም አብሯት። አርብ ገበያ ከላይ ይታየን ነበር።

የሞተችው ሰዓቷ ደርሶ ነው የሚል ሰው አለ። እኔ በኋላ ስለ ምጥ ተምሬያለሁ። የጠዋቱ ሰዓት ምን ሊያደርግላት ይችል እንደነበር አውቃለሁ። ስለዚህ ሰዓቷ ደርሶ ነው አትበሉኝ።

ከቀብሩ በኋላ ብዙም ሳልቆይ ለቄስ ፈንቴ ንስሐ ገባሁ። እናቴ ቁረጪ ስትለኝ እንዳልቆረጥኩ፣ ጥሪ ስትለኝ እንዳልጠራሁ፣ ታቦቷ ስትገባ ይመጣሉ ያልኩት ከራሴ አፍልቄ እንደሆነ ሁሉን ተናዘዝኩ። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው ጸለዩልኝ። ከዚያ ስግደትና ጾም ሰጡኝ። ልጅ ነሽ፣ ከእንግዲህ አታንሺው፣ እኔም አላነሳውም አሉኝ። አላነሱትም። ያ ቃላቸው ዋጋ እንደሚያስከፍላቸው ማን ያውቅ ነበር? እኔ ነኝ ያስከፈልኳቸው።

እናቴ ከዚያ ወዲህ አልቆየችም። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ ንፋስ መውጫ ወጥቼ አንድ ሻይ ቤት ተቀጠርኩ። ብርጭቆ ሳጥብ፣ ለምን ቆምሽ ስባል፣ መልስ ስመልስ፣ ስባረር፣ ሌላ ቤት ስገባ ቆየሁ። በዚያ መካከል የክርስቲያን ሕክምና ሚሲዮን ሰዎች ዓይን ለማከም መጡ። የሰባበርኳትን እንግሊዝኛ ይዤ አስተርጓሚ አጥተው ሲንገላቱ ገባሁበት። አንዲቱን ነጭ ሐኪም፣ ሴትዮዋ የምትለው ዓይኗን ሳይሆን ጥርሷን ነው ብዬ ስነግራት ሳቀች። ሊሄዱ ሲሉ ጠሩኝ። ኬንያ ማሠልጠኛ አላቸው፤ ከየአገሩ ወጣት ወስደው ለሚሲዮን ሕክምና አገልግሎት ያሠለጥናሉ፤ ማዋለድ፣ ቁስል ማከም፣ ክትባት። ትሄጃለሽ? አሉኝ። እኔ እንኳን ኬንያ፣ ከዚያ ሻይ ቤት የሚያወጣኝ ከሆነ ገሃነምም እሄድ ነበር።

ዘመድ ተንጫጫ። ሃይማኖቷን ሊያስለውጧት ነው አሉ። አክስቴ ማተብሽን አስረሽ ሄደሽ በጥሰሽ ትመጫለሽ አለችኝ። ወሬውን የቆረጡት ቄስ ፈንቴ ናቸው። መስቀላቸውን አሳልመውኝ፣ ማዋለድ ተምራ ከመጣች ይህች ልጅ የእኛው ናት፣ ተዉአት አሉ። እኔን ደግሞ ለብቻዬ፣ "ሂጂ። የውባለምን እንዳታስቢ፣ የሌሎቹን አስቢ" አሉኝ። መርቀውኝ ነው የሄድኩት። ይህን አስምሩበት። እሳቸው መርቀውኝ ነው የሄድኩት።

ማሠልጠኛው ሻይ ቅጠል በለበሰ ኮረብታ ላይ ነው። ኡጋሊ የሚባል ገንፎ መሳይ ነገር ከባቄላ ጋር ያበሉናል፤ ጠዋት ይጸልያሉ፣ ይዘምራሉ፤ ከዚያ ትምህርት ነው። የፕላስቲክ ማሕፀን አለ፤ የፕላስቲክ ልጅ ከውስጡ እናወጣለን። እኔ እጄ ቀልጣፋ ነው። የደም ግፊት መለካቱን፣ ልጅ ሲንጋደድ ማወቁን፣ ደም ሲፈስ ማቆሙን ቶሎ ያዝኩት። ያን ጊዜ ነው የውባለም ጠዋት ከመጽሐፍ ላይ ተነስቶ የመጣብኝ። ምጥ ሲቆይ ምን ይሆናል የሚለውን ምዕራፍ ስናነብ ወጥቼ አስመለሰኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ወባ ነው አልኩ።

ደጎች ነበሩ። ይህን የምለው ላስደስታቸው አይደለም። ማተቤን አልነኩብኝም፤ ጾሜን አልሳቁበትም። ማተቤን እንዳሰርኩ ነው የዋሸሁት።

እዚያ ምስክርነት የሚሉት ነገር አለ። ጠዋት ከጸሎት በኋላ አንድ ሰው ይነሳና እግዚአብሔር ለዚህ ሥራ እንዴት እንደጠራው ይናገራል። እኔ ተራዬ ሲደርስ ሥራ አጥቼ ነው አልኩ። እውነት ነበር። ሰው ፈገግ አለ፣ አንዱ አዛጋ፣ ተቀመጥኩ። ከእኔ ቀጥላ አብራኝ የምታድረው የደቡብ ሱዳን ልጅ ተነሳች። ስለሞቱባት ሰዎች ተናግራ ሁሉንም አስለቀሰች፤ እኔንም። ስትጨርስ አቀፏት። ያን ቀን ቀናሁባት። ሰው በሐዘን ይቀናል? እኔ ቀናሁ። እኔም እኮ የሞተ ሰው አለኝ አልኩ በልቤ።

ሩት የምትባል አሠልጣኝ ነበረችን፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ፈረንጅ። ከሠልጣኞቹ አንድ ሰው ለተጨማሪ ትምህርት እንደሚቀር ሰምተናል፤ የምትመርጠው እሷ ናት። አንድ ቀን ስለ ቤተሰቤ ጠየቀችኝ። እህቴ በምጥ እንደሞተች፣ አጣና ለመቁረጥ በዓል ነው ተብሎ እንደዘገየን ነገርኳት። ተብሎ ነው ያልኩት። ከዚያ ቃል ውስጥ መደበቅ ጀምሬ ነበር።

"ማነው ያለው?" አለችኝ።

እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። ሴትዮዋ አትቆጣም፤ ታቅፈኝ ነበር። እናቴ ናት ማለትም እችል ነበር፣ ሞታለች። ፊቷን አየሁት። የምትጠብቀውን መልስ አየሁት። እጄን አልጠመዘዘችኝም፤ እኔ ነኝ ፊቷን አንብቤ የሰጠኋት።

"ቄሱ" አልኩ።

አንዲት ቃል ናት። ሩት ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ እጄን ያዘች። ከዚያ ቃሉ ራሱን እያበላ አደገ። ቤተ ክርስቲያን ሮጬ ሄድኩ፤ ቄሱ በር ላይ አቁመው መለሱኝ፤ ታቦት ሳይገባ ማንም እንጨት እንዳይነካ ብለው ገዘቱ። ይህን ሁሉ አልኩ። በምስክርነቱ ቀን ደግሜ አልኩት፤ አዳራሹ አለቀሰ፤ አቀፉኝ። ስንመረቅ በካሜራ ፊት ደግሜ አልኩት፤ ያን ጊዜ የደብሩን ስም ጠራሁ፣ የቄሱን ስም ጠራሁ። ለሥራው የሚረዱ ሰዎች እንዲያዩት ነው አሉኝ። እዚያ ማዶ ማን ያውቃቸዋል አልኩ። ስም ስጠራ ታሪኩ እውነት እውነት ይሸታል፤ ለዚያ ነው የጠራሁት። ለተጨማሪ ትምህርት የቀረሁትም እኔ ነኝ። የደቡብ ሱዳኗ ልጅ ወደ አገሯ ሄደች።

ቄስ ፈንቴ ጥፋት ከሆነ በእኔ ይሁን ብለው ነበር። እኔ ቃላቸውን ተቀብዬ ጥፋቴን አሸከምኳቸው።

ስመለስ ስማዳ መደቡኝ። ወደ ቆላው ጫፍ፣ መኪና የማይደርስበት አካባቢ፣ በእግር እየሄድን እናዋልዳለን። ሥራውን ወደድኩት። የማልቀመጥ ሰው ነኝ፤ የማያስቀምጥ ሥራ አገኘሁ። በእጄ የተወለዱ ልጆች አሉ፤ ሁለት እናኑ የሚባሉ አሉ። ፊልሙ ባይመጣ እኮ አሁንም ዝም ብዬ እኖር ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ።

ፊልሙ መጣ።

አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ሚሲዮኑን ረገመ፤ ገሚሱ ቄሱን። ያን ቀን አጣናውን ሲቆርጡ ያዩ ሰዎች ተነስተው፣ ኧረ እሳቸው ናቸው የቆረጡት ብለው ነበር። መልሱ ምን ሆነ? ቀድሞ ከልክለው ኖሮ ተጸጽተው ነዋ የቆረጡት ተባለ። ሮጬ መሄዴንና አለመሄዴን የሚያውቅ የለማ። በዚያ ግርግር ማን አየኝ? እናቴ ሞታለች፤ አሮጊቷም ሞታለች። የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነን። አንደኛዋ ውሸታም፣ ሁለተኛው የነፍስ አባት።

አርብ ገበያ ላይ አንድ ጎረምሳ አህያውን እየነዳ ቄስ ፈንቴን ሲያገኛቸው፣ "አባቴ፣ ዛሬ እንጨት መቁረጥ ይፈቀዳል?" ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ። አክስቴ ነች የነገረችኝ። ቆመው ሰላምታ ሰጥተውት አለፉ አለች። ንስሐ ልጆቻቸው አንድ አንድ እያሉ ወደ ሌላ ቄስ ሄዱ። የሰበካ ጉባኤው ጠርቶ ጠየቃቸው። ልጅቱ ወደ እርስዎ መጥታለች ወይ? ዝም። ከልክለዋታል ወይ? ዝም። ምነው አባታችን፣ አልከለከልኩም ይበሉና እንገላገል አሏቸው። አልከለከልኩም ቢሉ ታዲያ ማን አዘገየ ይባላል፤ ያን ደግሞ የሚያውቁት ከእኔ ንስሐ ነው። ዝም አሉ። ለጊዜው ይረፉ ተባለ። ከመቅደስ ወጡ። ቅዳሴ ሲሆን ከምእመናኑ ጋር ከቅጥሩ ሥር ቆመው ያስቀድሳሉ።

ሄድኩ። ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ ግን ሄድኩ። የገብስ ክምር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አርጅተዋል። እግራቸው ሥር ወድቄ ለምን አልተናገሩም አልኳቸው። እንደ መቆጣት አድርጎኝ ነበር፤ ጥፋተኛ ሰው ቁጣ ይቀናዋል።

"የቱን?" አሉ።

"የነገርኩዎትን።"

"ለእኔ መች ነገርሽኝ። እኔ ቆሜ ሰማሁ እንጂ የነገርሽው ለሌላ ነው። የሌላ ሰው አደራ ከየት አምጥቼ ልናገር?"

እኔ ልናገር አልኳቸው። ለጉባኤውም ለሚሲዮኑም ሄጄ ልናገር። እሳቸው ግን ስማዳ ስንት አዋላጅ አለ ብለው ጠየቁኝ። በዚያ በኩል እኔ ብቻ ነኝ አልኩ። ብትናገሪ ያስቀሩሻል? አላውቅም፣ ያስቀሩኝ ይሆናል አልኩ።

"እንግዲያ አሁን ተይው። እኔ የቄስ ስም ይዤ የት እደርሳለሁ? አንቺ ግን የሴቶቹን ነገር ይዘሻል" አሉ። መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የመጀመሪያው ውሸት የሃያ ዓመት ልጅ ውሸት ነው ብላችሁ ልታዝኑልኝ ትችላላችሁ። ሁለተኛውን ግን እንዴት ታደርጉታላችሁ? እኔ ተነሳሁ፣ ጉልበቴን አራገፍኩ፣ ወደ ስማዳ ተመለስኩ። ዝም አልኩ። ፈቅደውልኛል ብዬ ዝም አልኩ። እኔ ለሴቶቹ ስል ነው ብዬ በእሳቸው ውርደት ላይ ተኛሁበት። ደህና እንቅልፍ ነበር። ሰው ሰበቡን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ደስ ይለዋል። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰበቡን የወሰደብኝ ስማዳ ያለ አንድ ቤት ነው። ምጥ የያዛት ልጅ አለች ተብዬ ቁልቁለቱን ወርጄ ደረስኩ። አማቷ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተዋል። ስልክ የያዘ ልጃቸው ከጎናቸው ነው፤ እኔን አየ፣ ስልኩን አየ።

"ያቺ ቄስ የከሰሰችው አንቺ ነሽ?" አሉ ሴትዮዋ።

እማማ፣ አሁን ልጅቱን ልያት አልኩ።

"የነፍስ አባቷን ለፈረንጅ የሰጠች እጅ ምራቴን አይነካም" አሉና በሩን ሞሉት።

ከውስጥ ድምፅዋ ይሰማል። እመቤቴ ትላለች። እኔ ከደጅ ቦርሳዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ማስረዳቱንም ሞከርኩ፣ መለማመጡንም፤ ሴትዮዋ አልሰሙኝም። በመጨረሻ ለጤና ጣቢያ ደወልኩና ሌላ ነርስ በበቅሎ መጣች፤ ልጅቱ ተገላገለች፤ ወንድ ነው አሉ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ያዋለድኳት ግን እኔ አልነበርኩም። በዚያ አቀበት ስመለስ ሒሳቡ ገባኝ። ቄስ ፈንቴ ስማቸውን የሰጡት ሴቶቹ አዋላጅ እንዳያጡ ነው። ሴቶቹ ደግሞ በዚያው ፊልም በር እየዘጉብኝ ነው። ታዲያ ዝምታዬ ለማን ነው? ለእኔ። ከመጀመሪያውም ለእኔ ነበር።

ለሚሲዮኑ ኃላፊ ተናገርኩ። ፊልሙን ከራሳቸው ገጽ አወረዱት፤ ሰው ስልክ ላይ ያለውን ግን ማን ያወርደዋል? ሥራዬ ላይ ስለመቆየቴ ገና እየመከሩ ነው። ያስቀሩኝ ወይም ይተዉኝ፤ የመከራከር አቅም የለኝም። ሩትም ደወለችልኝ። አልተቆጣችም። "ያን ቀን ሌላ ጥያቄ ብጠይቅሽ ኖሮ" ስትል ስልኩን ዘጋሁባት። ጥፋቴን ልትካፈለኝ ፈልጋ ነው። አልሰጣትም።

ከዚያ ሰበካ ጉባኤው ፊት ቆምኩ። መጥረቢያውንም፣ እናቴን ያልኳትንም፣ ኬንያ ያልኩትንም ሁሉን ተናገርኩ። አክስቴ በር ላይ ፊቷን ሸፍና ነበር። ሽማግሌዎቹ ቆይተው ቄስ ፈንቴን አስጠሯቸውና ይቅር ይበሉን፣ ወደ መቅደስዎ ይመለሱ አሏቸው። እሳቸው ጉልበቴ አልቋል፣ ወጣቱ ይቀድስ፣ እኔ ከቅጥሩ ሥር ለምጄዋለሁ አሉ። እኔን አላዩኝም። ቂም ይዘው አይደለም፤ ዓይናቸው ደክሟል። እንዲያ ብዬ ነው ራሴን የማጽናናው፤ ምናልባትም ቂም ይዘው ይሆናል። መብታቸው ነው።

ስንወጣ የጉባኤው ሊቀ መንበር ከኋላዬ ደርሰው፣ ለእኛስ ነገርሽን ልጄ፣ ያን ፊልም ያየው አገር ሁሉ ግን ይህን መች ያያል አሉኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ይቅር በሉኝ አልልም። የእናንተ ይቅርታ እሳቸውን ከቅጥር ሥር አያነሳም፤ ውባለምንም አያነሳም። ልጅ ነበርኩ አልልም። ፈረንጆቹ ገፋፍተውኝ ነው አልልም። እንጨት አይቆረጥም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌን ወስጄ በቄስ ፈንቴ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ በፈቃዳቸው ተሸፍኜ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ፊልሙን ለማን ልካችሁት ነበር? ለዚያ ሰው ይህንንም ላኩለት።

አላምናትም የምትሉ ትኖራላችሁ። ስዋሽ አምናችሁኛል፤ እውነቱን ስናገር ብትጠራጠሩኝ አልፈርድባችሁም። ቄስ ፈንቴን ሄዳችሁ ልትጠይቁ ትችላላችሁ፤ ቤታቸውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬም አይነግሯችሁም።